ማን ይንገርሽ

ሸዋረጋ የምትሠራበት የኤድመንተን ላውንድሪ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ነው፤ ከውስጥ ግን ደመና ነው። ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣው አንሶላ ታጥቦና ተጨምቆ በጋለው ሮለር ሥር ሲያልፍ እንፋሎቱ ወደ ጣሪያው ይወጣና እዚያው እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ብርዱ ሲጠና፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የውጭው ጉምና የውስጡ እንፋሎት ደጃፉ ላይ ይገናኛሉ። የሚገባው ሰው መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጫማው ይታያል፤ ፊቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አብራት ትኖር የነበረችው እታለማሁ ከሞተች ወዲህ ሸዋረጋ ይህን በር ማየት ትወድ ነበር። ፊቱ እስኪታይ ድረስ ባለችው በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ የሚመጣው ሰው ማንም ሊሆን ይችላል።

ተራው አንሶላ የሚታጠፈው በማሽን ነው። የትልልቆቹ ሆቴሎች ጥሩ ጥጥ ግን በእጅ ነው፤ ያውም ለሁለት። አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፤ ከዚያ እየተራመዱ ይገናኛሉ፣ ጫፍ ይቀባበላሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲመጡና ሲሄዱ ለአዲስ ሰው ጭፈራ ይመስለዋል።

የሸዋረጋ የማጠፍ ጓደኛ ቲጂ ናት። ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ፣ ቀልዷን ከሰፈሯ የወሰደች፣ ለሸዋረጋ ልጅ ልትሆን የምትችል ሴት። ሸዋረጋ ጫፍ ስትጥል፣ «እትዬ ሸዌ፣ ዛሬም እዚህ የለሽም» ትላታለች። እውነቷን ነው። አንሶላው መሐላቸው ላይ እንደ ሸራ ሲነፋ ሸዋረጋ ከማዶ ያለችውን ቲጂን አታይም፤ በዚያ ነጭ ጀርባ ያለው ሰው ሌላ ነው ብላ ማሰብ ትችላለች፤ ታስባለችም።

ያን ሰሞን ላውንድሪው ለሽልማት ታጭቶ ነበር። ሴት ሆነው ከሴት ጋር፣ ወንድ ሆነው ከወንድ ጋር ተዋድደው የሚኖሩ ሰዎች፣ በአጠቃላይ ኤልጂቢቲ የሚባሉት፣ ሥራ ቦታቸው ላይ ሳይሸማቀቁ እንዲኖሩ አዲስ መላ የፈጠሩ አሠሪዎችን እየመረጠ በየዓመቱ የሚሸልም አንድ ማኅበር አለ። ብዙውን ጊዜ የሚሸለሙት ባንኮችና የጠበቃ ቢሮዎች ናቸው፤ አንሶላ አጣቢ ታጭቶ አያውቅም አሉ። የላውንድሪው መላ «ማን ይንገርሽ» ይባላል። የተነሣው ከሸዋረጋ ነው። ይህንን የሚያውቁት ግን ቲጂና የፈረቃ ኃላፊዋ ዶሪን ብቻ ነበሩ። አሁን ሸላሚዎቹ ሐሳቡ የተነሣባት ሴት መድረክ ላይ ብትወጣ ደስ እንደሚላቸው ጻፉ፤ ባትፈልግም ቅር እንደማይላቸው ጨመሩ።

ስሟና ፎቶዋ ከወጣ ኪዳኔ ይሰማል። ኪዳኔ የእታለማሁ ወንድም ነው፤ ኬንቲሽ ታውን ይኖራል። እታለማሁ ከሞተች በኋላ በዚህ አገር ሸዋረጋ ሳታንኳኳ የምትገባበት ቤት የእሱ ቤት ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ትበላለች። ልጆቹ አክስት ይሏታል። የእታለማሁን ስም ጮክ ብላ መጥራት የምትችለው፣ ሌላ ሰውም ሲጠራው የምትሰማው፣ እዚያ ነው። ኪዳኔ ግን የሚያውቃት ከእህቱ ጋር ቤት የተጋራች ጓደኛ አድርጎ ነው። እውነቱን ሲሰማ በሩን ይዘጋብኝ ይሆን ከማለት በቀር ሸዋረጋ ሌላ የምትፈራው ነገር አልነበራትም።

ሸዋረጋና እታለማሁ የተዋወቁት ለስደተኞች እንግሊዝኛ የሚሰጥበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱም በሃያዎቹ ዕድሜ ነበሩ፤ ሁለቱም የለበሱት ካፖርት ከሰው የተዋሱት ነው። አስተማሪዋ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተነጋገሩ ስትል ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። ኤድመንተን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ በርካሽ የሚያከራየው የካውንስል ቤት አገኙ። እታለማሁ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ምሳ አብሳይ ሆነች፤ ሸዋረጋ ላውንድሪ ገባች። አበሻው «እነ እታለማሁ» ይላቸዋል። በሰው ዓይን ኪራይ ለመካፈል አብረው የገቡ፣ ትዳር ያልቀናቸው ጨዋ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ባል የሚያፈላልጉላቸው ሴቶች ነበሩ። እታለማሁ «ሸዌን ሳልድር እንዴት ብዬ» እያለች ታስቃቸው ነበር፤ ውለው አድረው እነሱም ተዉት። ቤታቸው ሁለት መኝታ ቤት አለው። አንደኛው አልጋ ለእንግዳ ዓይን ብቻ ተነጥፎ ኖረ።

ከዚያ ደሴ ያሉት የእታለማሁ እናት ታመሙ፤ እታለማሁም ልታስታምም ሄደች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ደግፌ፣ ለሸዋረጋ ደወሉላት። ነገ ጎህ ሳይቀድ ኪዳኔ በር ላይ እንድትገኝ፣ መርዶ እንዳለ፣ ቤተሰቡን የምታውቅ ጠንካራ ሴት እንደምታስፈልግ ነገሯት። የማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። እሷም አልጠየቀችም። የእናትየው መሆኑ አላጠራጠራትም።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ የመንገዱ መብራት በእርጥቡ መስኮት ላይ እየቀለጠ ያልፋል። መንገዱን ሙሉ ለእታለማሁ አለቀሰች። እናቷን አጥታ ምን ትሆናለች፤ በስልክ ምን ብዬ አጽናናታለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄ ብሄድላትስ፤ ቀብሩ ላይ ማን ይደግፋታል፤ ይህን ሁሉ ታወጣለች ታወርዳለች። በኋላ በኋላ ያን የአውቶቡስ መንገድ ደጋግማ ታስበዋለች። ብዙ ጊዜም ከዚያ አውቶቡስ ባልወረድኩ ትላለች። እዚያ ውስጥ እታለማሁ በሕይወት ነበረች።

በሩ ላይ ሰዎቹ ተሰብስበዋል። ጋሽ ደግፌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «እታለማሁ ናት። በእንቅልፏ ነው አሉ። አንቺ ጠንከር በይና እሱን ያዥው» አሏትና ደወሉን ተጫኑት።

ያዘችው። ሲወድቅ ደገፈችው፤ ውሃ አጠጣችው፤ ፊቱን ሲነጭ እጁን ያዘች። ለቅሶው እሱ ቤት ተቀመጠ። ሐዘንተኞቹ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲቀበሉ ሸዋረጋ ወጥ ቤት ነበረች፤ ሻይ ታፈላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ወንበር ትደረድራለች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እሷ ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር እያለ አመሰገናት። ለእሷ መኝታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን የምታለቅሰው ለቅሶ ተረፋት።

የሐዘን ፈቃድ ለመጠየቅ የዝምድና ስም ያስፈልጋል። እሷ የላትም። ስለዚህ ሥራዋ ገባች።

አንድ ቀን አንሶላ ይዛ ቆመች። ቲጂ ከማዶ እየተራመደች መጣች፤ ሸዋረጋ አልተራመደችም። ጨርቁ መሐላቸው ረግቦ ወለሉን ነካ። ቲጂ ጠራቻት፤ አልሰማችም። ዶሪን መጥታ ክንዷን ይዛ ወደ ካንቲን ወሰደቻት። ዶሪን ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ትልቅ ሴት ናት። ሸዋረጋ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። በአማርኛ ቢሆን አፏ እሺ አይላትም ነበር፤ በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ቃሉ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ቀለለላት። ስለ እታለማሁ ነገረቻት፤ ስለ መርዶውም ነገረቻት። ተከትላቸው የገባችው ቲጂም ቆማ ሰማች።

ዶሪን ስለ እታለማሁ ብዙ አልጠየቀችም፤ ራሷን ነቅንቃ ብቻ ሰማች። ደጋግማ የጠየቀችው ስለ መርዶው ነው። ለምን በስልክ አይነገርም? ለምን በጠዋት? ለምን ሰው ተሰብስቦ? ሸዋረጋ አስረዳቻት። ሰው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ሳለ ድንገት እንዳይሰማ ነው፤ ማታ ሰምቶ ሌሊቱ እንዳይረዝምበት ነው፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። ዶሪን ሻይዋን አማሰለች። ከዚያ፣ «ታዲያ ለአንቺ ማን መንገር ነበረበት?» አለቻት።

ሸዋረጋ አሰበች። ከዚያ በፊት ይህን ጠይቃ አታውቅም፤ መጠየቅ እንደሚቻልም አታውቅም።

ነገሩ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ዶሪን ለላውንድሪው ባለቤት ነገረች፤ ስም አልጠራችም። አሁን እዚያ ላውንድሪ የሚቀጠር ሰው ሁለት ነገር ለብቻው ይጠየቃል። የቤቴ ሰው የምትለው ማነው፣ ክፉ ቢመጣስ ከባልደረቦችህ ማን ይንገርህ። ዝምድና አይጠየቅም፤ ማስረጃ አይጠየቅም። የቤቴ ሰው የተባለውም የዶሪንን ስልክ ቁጥር ኪሱ ይይዛል፤ አንድ ነገር ከሆነ ያገኘው ሰው እንዲደውል። ክፉው ሲመጣ ሁለት ባልደረቦች ቀኑ ሳይጀምር ቤት ድረስ ሄደው ይናገራሉ፤ ተቀምጠውም ይውላሉ፤ ሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጠርላቸዋል። የሐዘን ፈቃዱም ለባልና ለሚስት የሚሰጠው ያህል ነው።

ባለቤቱ መጀመሪያ ሰው ይዋሻል ብሎ ፈርቶ ነበር። እስካሁን ከደንቡ ያፈነገጠ ቢኖር ውሻውን የቤቴ ሰው ያለ አንድ ሹፌር ነው፤ ውሻው ሲሞት ዶሪን ግማሽ ቀን ሰጠችው። የማድረቂያ ክፍሉ ሬድዋን አብሮት ባሕር የተሻገረውን ጓደኛውን ስም ሰጠ። ጭነት ክፍል ያለ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ደግሞ ሲጠይቁት ወንድሜ እያለ የኖረው ሰው ወንድሙ እንዳልሆነ ካንቲን ውስጥ፣ የሳንድዊቹን መጠቅለያ እየላጠ፣ እንደዋዛ ተናገረ። አንዷ ጨው አቀብለኝ አለችው።

ለሽልማቱ ቀን ዶሪን የምትናገረውን ጽፋ ለሸዋረጋ አነበበችላት። ስም አልነበረበትም። «አንዲት ሠራተኛችን የቅርብ ሰው ሞቶባት» ይላል። ዶሪን እንደዚሁ ሊቀር እንደሚችል፣ ማንም እንደማያስገድዳት ነገረቻት። ሸዋረጋ አመስግናት ወጣች።

ያን ሌሊት ሕልም አየች። አንሶላ ይዛለች፤ በማዶ ጫፍ እታለማሁ ናት። እየተራመዱ ይቀራረባሉ፣ ግን አንሶላው ያን ያህል ይረዝማል። እታለማሁ ጉሙ ውስጥ ናት፤ ፊቷ አይታይም፤ መኖሯ የሚታወቀው ጨርቁ በመወጠሩ ብቻ ነው። ሸዋረጋ ልትጠራት ፈለገች፤ በሕልሟ የመጣላት ቃል «የቅርብ ሰው» የሚለው ነበር፤ በዚህ ቃል ደግሞ ማንም ዞር አይልም። ስትነቃ ጣቶቿ አሁንም የሆነ ነገር እንደያዙ ነበሩ።

ጠዋት ዶሪንን ስሜን ጥሪ፣ የእሷንም ጥሪ አለቻት። ኪዳኔ ግን ከእኔ አፍ ይስማ።

ቲጂ አንሶላ እያጠፉ ተከራከረቻት። «እትዬ ሸዌ፣ ይሄ ነገር ሪስክ አለው። ባይቀበልሽስ?»

«ባይቀበለኝ አጣዋለሁ።»

«እሱን ብቻ መሰለሽ? ልጆቹን፣ እሁዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጭምር እኮ ነው። ደግሞ አንቺ ሰው ላይክ አያደርገኝም ብለሽ የምትተዪ ዓይነት አይደለሽም፤ ትታመሚያለሽ።»

«አሁንስ ምን ጤና አለኝ» አለች ሸዋረጋ፤ ጫፉንም ተቀበለቻት።

ኪዳኔ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በዚያ ሳምንት የጠዋት ፈረቃ ስለነበረ ቤቱ ለማግኘት ጎህ ሳይቀድ መድረስ ያስፈልጋል። ቲጂ በመኪናዋ አደርስሻለሁ አለች። ዶሪን ደግሞ ከባድ ነገር ብቻን ሄዶ አይነገርም፣ ደንባችን ይኸው ነው ብላ ከኋላ ወንበር ገባች። ሸዋረጋ ስለበረዳት ነጠላዋን ተከናነበች። የኬንቲሽ ታውን ቤቶች ተደግፈው እንደተኙ ናቸው፤ የወተት ቀለም ያለው ጉም መንገዱን ሞልቶታል፤ የሦስቱ እርምጃ የሌላ ሰው እርምጃ ይመስል ከሩቅ ይሰማል። ሸዋረጋ በልቧ የምትናገረውን እያሰካካች ነበር። ሦስት ሴቶች በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ፊት፣ አበሻ ቤት በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ሦስቱም አላሰቡም። ከሁሉ ይልቅ ልታስብ የሚገባት እሷ ነበረች፤ ሥርዓቱን ለባዕድ ያስተማረች እሷ ናት።

ኪዳኔ በፒጃማ ሱሪ ከፈተ። ሸዋረጋን አየ፤ ነጠላዋን አየ፤ ከኋላዋ ያሉትን ሁለቱን አየ። እጁ ወደ ራሱ ሄደ።

«እናቴ ናት» አለ።

«ማንም አልሞተም፣ ኪዳኔ።»

«ሸዌ፣ ንገሪኝ።»

«ደህና ናቸው እልሃለሁ።»

«ያኔም ምንም የለም ነበር ያላችሁኝ። እዚሁ በር ላይ።» ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ከልጆቹ ጫማ መሐል ተቀመጠ።

እውነት ነበር። ምንም የለም ማለት የመርዶ ነጋሪ የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ምንም የለም ባሉት ቁጥር የባሰ አመነ። ሚስቱ ተናኘወርቅ ደረጃው አናት ላይ ብቅ ብላ ይህንን ስታይ እሪ አለች። ልጆቹ ተከተሏት። የጎረቤት መብራት በራ። አንድ ቃል ያልገባት ዶሪን እንደምንም ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ትከሻውን ያዘች፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ፈጽሞ አረጋገጠለት።

መላ የመታችው ቲጂ ናት። ስልኩን ከኪሱ አውጥታ ደሴ ደወለች፤ ድምፁንም ከፍ አድርጋ ጆሮው ላይ ያዘችለት። ጠራ፤ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ የእናትየው ድምፅ መጣ።

«ምነው በጠዋቱ? ምን ሆነህ ነው የምትነፋረቅ?»

ኪዳኔ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀ።

«ሰክረህ አደርክ? ጉድ እኮ ነው። ፊትህን ታጠብና ሥራህ ሂድ። ያንን መድኃኒት ላክልኝ ያልኩህን ደግሞ ረስተኸዋል» አሉና ዘጉት።

ኪዳኔ ሳቀ። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ተናኘወርቅ እያለቀሰች ሳቀች፤ ቲጂ ሳቀች፤ ዶሪን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች። ሸዋረጋ ብቻ ቆማ ታያቸው ነበር። በሩ እንደተከፈተ ስለቀረ ጉሙ ኮሪደሩ ድረስ ገብቷል፤ ሁሉም ሩቅ መሰሏት፤ ይህ ሳቅ እንዳያልቅ ተመኘች።

«አበስኩ ገበርኩ፤ ልትገድሉኝ ነበር እኮ» አለ ኪዳኔ ዓይኑን እየጠረገ። «ታዲያ ምን ልትሉ ነው የመጣችሁት?»

ነገረችው። ሳሎን እስኪገቡ፣ ልጆቹ ወደ ላይ እስኪመለሱ ጠብቃ፣ ቆማ ነገረችው። ከዚያ ሁሉ ካሰካካችው ንግግር የወጣላት ጥቂት ነው። «እኔና እታለማሁ ቤት ተጋርተን አይደለም የኖርነው፣ ኪዳኔ። ትዳራችን ነበር። ነገ መድረክ ላይ እላለሁ፤ ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።» በአማርኛ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ቃሉ ባዕድ ቋንቋ ላይ እንዳለው አልቀለለም፤ ግን አልገደላትም።

ተናኘወርቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኪዳኔ መዳፉን አየ።

«ያን ቀን» አለ ቀስ ብሎ፤ «በሬ ላይ ስትመጪ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም። የእናትህ መስሎኝ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ነገሩኝ። እሱን ያዥው አሉኝ።»

«ያዝሽኝም።»

«ያዝኩህ።»

ኪዳኔ ተነሣ። የሥራ ጃኬቱን በፒጃማው ላይ ደረበ፤ መለስ ብሎ ሱሪ ቀየረ። ለዶሪን አንገቱን ሰበር አደረገላት። ሸዋረጋን ሳያያት አለፈና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። መኪና ውስጥ ዶሪን ምን አለ ብላ ጠየቀች። ቲጂ «ምንም» አለቻት።

የሽልማቱ አዳራሽ ቴምዝ ዳር ነው፤ በመስኮቱ ወንዙ መብራቱን ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። ላውንድሪው አሸነፈ። ከመድረክ ላይ አንድ ሰው ሲያብራራ፣ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው ሲደሰቱ አብረው ለመደሰት እንደሚዘጋጁ፣ ሲያዝኑ ግን ማን እንዳዘነ እንኳ እንደማያውቁ ተናገረ። ቲጂ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ገልብጣ እያየች፣ «የኛ አይደለም፤ አስተጣጠፉን አየሽው? አያፍሩም» ብላ አንሾካሾከች። ከዚያ የሸዋረጋ ስም ተጠራ። ሸዋረጋ ወደ መብራቱ ስትወጣ ከፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ሰው አይታያትም። ጥቂት ነው የተናገረችው። እታለማሁ የምትባል ሴት እንደነበረች፣ ለብዙ ዓመት የልጆች ምሳ እንዳበሰለች፣ የቤቷ ሰው እንደነበረች። ሲያጨበጭቡ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ሆኖ ተሰማት። ዋንጫውን ዶሪን ይዛው ወረደች።

ፎቶው በማግስቱ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አንዳንዶች ስልክ ማንሣት ተዉ። አንዲት ሴት ሸዋረጋ በማታውቀው ቁጥር ደውላ፣ ማን ልበል ስትላት «እኔም» አለችና ዘጋች። ከኪዳኔ ቤት ግን ምንም የለም። እሁድ መጣ፤ ነይ የሚላት አልነበረም። ቤቷ ተቀምጣ፣ መንገዱ ማዶ የሚጫወቱትን ልጆች ስታይ ዋለች። የቀረባት ሁሉ ይኸው እንደሆነ፣ ይህንንም አውቃ እንደገባችበት ለራሷ ነገረችው።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኪዳኔ ነው፤ ብቻውን። ግባ አለችው፤ ገባ። ኮትህን ልቀበልህ አለችው፤ ይቅር አለ። ሶፋው ጫፍ ላይ ሊነሣ እንደሚፈልግ ሰው ተቀመጠ።

«ጋሽ ደግፌ ደወሉልኝ» አለ። «ሰው ፎቶሽን አሳያቸው።»

«ምን አልካቸው?»

«አውቃለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። የስልካቸው ሒሳብ በዝምታ አለቀ።»

ሸዋረጋ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«እናቴ አትሰማም» አለ። «በሕይወት እያለች አትሰማም። ይሄንን ካሁኑ እንነጋገር።»

«እኔ መች ጠየቅሁህ።»

«አልጠየቅሽም። ተናኜ ተናዳለች። አንድ ቀን በአንቺ ትናደዳለች፣ አንድ ቀን በእኔ፤ ትናንት ደግሞ በጋሽ ደግፌ ስትናደድ ዋለች፤ እንዴት ለዚያች ሴት በር ላይ ይነግሯታል ብላ። እኔ እንጃ ሸዌ። እኔም ያልገባኝ ብዙ ነው። ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም።»

መስኮቱ ላይ ቀጭን ካፊያ ጀመረ። ኪዳኔ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

«እኔ ከመሞቷ በፊት ሳላናግራት ሰንብቼ ነበር» አለ። «ፈረቃ ነው፣ ነገ እደውላለሁ፣ እያልኩ። ማን ነው መጨረሻ ያናገራት እያልኩ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። እናቴን ብጠይቅ ታለቅሳለች። አንቺን መጠየቅ አላሰብኩም እኮ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አለችሽ?»

ሸዋረጋ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበርባት፣ ነገረችው። እታለማሁ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ከእናቷ ቤት፣ ደጁን ከፍታ እንደተቀመጠች። ስለ ቤት ነገር ጀመረች፤ ወዲያው በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከስልኩ ውስጥ ሌላ ነገር አይሰማም፤ እሷ ትጮኻለች፣ ሸዋረጋ ትጮኻለች፣ መደማመጥ አቃታቸው። ስልኩን ግን አልዘጉም። ሸዋረጋ እዚህ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ያ ሁሉ በረዶ ደሴ ላይ ሲወርድ፣ እስኪያባራ ድረስ ሰማችው።

«ሲያባራ ‹አለሽ?› አለችኝ። ‹አለሁ› አልኳት። ሳቀች። እናቴ ነቃች መሰለኝ፣ ልሂድ፣ አለችኝ። ይኸው ነው።»

ኪዳኔ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያንን ቆርቆሮ ያስመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «በመጀመሪያ ደመወዜ።»

ከዚያ ተነሣ። ሊሄድ መስሏት እሷም ተነሣች። እሱ ግን ኮቱን አወለቀ፤ የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ ተቀበለችው። ሶፋው ላይ ደገፍ ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለ። «ደጁን ከፍታ ከተቀመጠችበት።»